«ባዕድ ነገር» ስለተባለው ባለቤቴ፦ ለደረቅ ወንዝ ተኳሾች ሊቀ መንበር

ለክቡር ሚስተር ራንዳል ፕሩይት፣
የደረቅ ወንዝ የካውቦይ ተኩስ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
በተኩስ ሜዳ በሚጠሩበት ስም ደግሞ «ዳኛ ነጎድጓድ»፣
ዋዮሚንግ፣ አሜሪካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ውድ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ ሁለት ሽጉጥ ተሸክሞ መዋል እንዳልከበደው፣ ጢምዎ የዚህን ወር ቀለም አጥብቆ እንደያዘ፣ ደረትዎ ላይ ያለው የቆርቆሮ ኮከብም እንዳልዛገ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቨርና ሃግስትሮም፣ የማኅበሩ አሮጌ አባል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ኤልዶን፣ እንደሚያውቁት፣ በመጋቢት አርፏል።

ይህን ደብዳቤ በቤትዎ አድራሻ ልልክልዎ እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ የኮሚቴውን ውሳኔ በምሳ ሰዓት፣ በአባላቱ ሁሉ ፊት፣ እኔ የቺሊ ወጥ ሳህኔን ይዤ እንደቆምኩ ጮክ ብለው ስላነበቡልኝ፣ መልሱን በጓዳ መስጠት ውለታዎን መርሳት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በሜዳችን፣ የድሮ ካውቦይ ከተማ አስመስለን ባቆምነው የመጠጥ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በሩን የሠራው ኤልዶን ስለሆነ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም።

አንደኛ፤ ስለ ትዝታዎ። ወደዚህ ሜዳ የመጡበትን የመጀመሪያ ቀን ቢረሱት አልፈርድብዎትም፤ እኛም ለመርሳት ብዙ ደክመናል። ነጭ እጀታ ያላቸው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ሁለት ግዙፍ ሽጉጦች ታጥቀው ነበር። ሽጉጦቹ አንድ ዓይነት ጥይት፣ ጠመንጃዎ ሌላ ዓይነት ጥይት ስለሚጎርሱ፣ ሰዓት ያዡ እየቆጠረብዎ እርስዎ የትኛው በየትኛው ኪስ እንዳለ ይዳብሱ ነበር። በዚያ ላይ የሽጉጦቹን ስድስቱንም የጥይት ጎጆ ሞልተው ነበር የመጡት። ሌላ ሰው ቢሆን በሰው ፊት ያዋርድዎት ነበር። ኤልዶን ግን ክንድዎን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደዎትና፣ «ወንድሜ፣ ስድስተኛዋን አውጣት። እኛ አምስት ብቻ ነው የምንሞላው፤ የሽጉጡ መዶሻ ባዶው ጎጆ ላይ ይረፍ። አለዚያ ሽጉጡ ከእጅህ የወደቀ ቀን የገዛ እግርህን ነው የምትመታው። ደሞ ይሄን ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሃል? ለጦርነት እኮ አይደለም የጠራንህ» አለዎት።

እርስዎም «ሻጩ የወንድ መሣሪያ ይሄ ነው ብሎኝ ነዋ!» ብለው መለሱ። ኤልዶን ያን ቀን እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ቤት ገብቶም ሳቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን የራሱን ትርፍ ሽጉጦችና በማንሻ የሚጎርሰውን ጠመንጃውን አመጣልዎት፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥይት የሚበሉ፣ ለእጅ የሚቀሉ ነበሩ። «መሣሪያ ስትገዛ መጀመሪያ እጅህ ይምረጥ፤ ዓይንህ በኋላ ይደርሳል» አለዎት። ዓመቱን ሙሉ በእኛ መሣሪያ ተኮሱ። ስለመለሱልንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳይወለወሉ ስለመለሱልን፣ ኤልዶን ክረምቱን ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ረድተውታል።

ሁለተኛ፤ ስለ ነጎድጓድዎ። ጥይት መሙላት የተማሩት በእኛ ጋራዥ ውስጥ፣ የእኔን ሳንድዊች እየበሉ ነው። ኤልዶን በእጅ በሚጫን አሮጌ መሣሪያ አንድ በአንድ ይሞላ ነበር፤ እርሳሱን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ወደ መብራቱ አዘንብሎ ባሩዱን በዓይኑ ያይ ነበር። እርስዎ ግን በአንድ እግርዎ ቆመው በሌላው መሬቱን ይመቱ ነበር። «ኧረ ኤልዶን፣ በዚህ አያያዝህ ፋሲካ ይደርስብናል!» ሲሉት፣ ቀና ሳይል «ይድረስ። ባሩድ ያላገኘች ጥይት እርሳሷን አፈሙዙ መሀል ትታልህ ትቀራለች። ተከታይዋ ደሞ ጣትህን ይዛ ትሄዳለች። ጣት ከፋሲካ በኋላ አይበቅልም» ይልዎት ነበር።

ከዚያ በኋላ በራሱ የሚሞላ፣ የሚያንሿሿ ማሽን ገዙ። እሰየው ብለናል። ፍጥነትም ፈለጉና ሽጉጡ በእጅዎ እንዳይዘል ባሩዱን ቀነሱ፤ ዋንጫ ሲያገኙ ደግሞ ቀነሱ፤ የማኅበሩን ወንበር ሲይዙ ከዚያም ቀነሱ። ዛሬ «ዳኛ ነጎድጓድ» ሲተኩስ ሰዓት ያዡ ጆሮውን አዘንብሎ ነው የሚቆጥረው። የጎረቤታችን ውሻ በእርስዎ ተራ እንቅልፉን ይጨርሳል። ይህ እንዳይበቃ፣ እንደ ኤልዶን በጥቁር ባሩድ የምንተኩስ ሰዎች፣ ጭሳችን የስልክ ቪዲዮዎን ስለሚያበላሽ፣ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ማሰብ በሚጀምርበት ሰዓት እንድንተኩስ ወሰኑ። ስለ ሳንባችን አስበው እንደሆነ ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፤ በኤልዶን የስንብት ጸሎት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮፍያዎን አላወለቁም። «ዳኛ ነጎድጓድ ያለ ኮፍያ አይታይም፤ ሰው አያውቀኝም» ሲሉ ከኋላዬ ሰምቻለሁ። ከጸሎቱ በኋላ በአይብ ከጋገርኩት ድንች ሁለቴ ሲያነሱም ኮፍያው ራስዎ ላይ ነበር። ድንቹን ስለወደዱልኝ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ትቻለሁ፤ ቅሬታዬ ስላለቀ ግን አይደለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ኤልዶን ከሞተ በኋላ እንዲደረግለት የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ድምፁ ከመድከሙ የተነሳ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ፣ «ቨርና፣ ሣር ሥር አታስተኚኝ። ሬሳዬ ይቃጠልና አመዴን በራሴ ጥይት ውስጥ ሙይው፤ እነዚያ የሜዳው ጉዶች ከእንጨቱ እስር ቤት ፊት ቆመው ወደ ኮረብታው ይተኩሱኝ። ጭሱ ይብዛ። አደራ፣ የራንዳል ዓይነት ጥይት ውስጥ እንዳትከቺኝ፤ አፈሙዙ ውስጥ እቀራለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ግን እጄን ይዞ መሳቁን ቀጠለ።

ይህ ልማድ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃሉ። እርስዎ ወንበሩን ከመያዝዎ በፊት ያረፉ አባሎቻችንን በዚሁ መንገድ ሸኝተናል፤ ጥይታቸውንም የሞላው ኤልዶን ነበር። እናም ኮሚቴውን ጠይቄ፣ ፈቃዱ አይቀርም ብዬ በእርሱ ወንበር ተቀምጬ፣ ከጥቁሩ ባሩድ ላይ፣ ከእርሳስ ፍሬዎቹ ጋር፣ ከአመዱ በማንኪያ እየጨመርኩ ድርብ አፈሙዝ ላለው ጠመንጃ የሚሆኑ ጥይቶች ሞላሁ። እያንዳንዱን ወደ መብራቱ አዘንብዬ አየሁ። ስጨርስ በአሮጌው የቆዳ ቀበቶው ላይ በተርታ ሰካኋቸው።

የኮሚቴው መልስ ግን፣ በራስዎ አንደበት፣ «ሜዳው የመቃብር ስፍራ ስላልሆነ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ጥይትም ለአባላት ደህንነት አስጊ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ከተቱና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እትዬ ቨርና፣ አይዘኑብኝ እንግዲህ፤ ሕግ ሕግ ነው። ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁሉም የሟቹን አመድ በቆርቆሮ ይዞ ይመጣል» አሉኝ።

ባዕድ ነገር! እርስዎ ቆመው ያነበቡበትን በረንዳ ማን የቸነከረው ይመስልዎታል? የእንጨቱን ባንክ፣ እስር ቤቱን፣ ፈረስ የማይታሰርበትን የፈረስ ማሰሪያ ማን ሠራው? እነዚያን ሲመቱ የሚወድቁ የዒላማ ብረቶች ሁሉ በዋዮሚንግ የሐምሌ ፀሐይ ማን ነው የበየዳቸው? ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደብኝ ነው። በጣም ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ልገልጸው ብሞክርም አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቺሊ አልቀመስኩም።

ደግ ደጉን ለመናገር ያህል፣ ባለፈው ቅዳሜ ስላገኙት ድል እንኳን ደስ ያለዎት ሳልል ማለፍ ነውር ነው። በመጨረሻው ዙር በሽጉጦቹም በጠመንጃውም ሁሉን ቀደሙ። ተራው የድርብ አፈሙዙ ሲሆንና ብረቶቹ መውደቅ ሲገባቸው ግን፣ የማሽንዎ ጥይት ደርሶ ሳማቸው እንጂ አልጣላቸውም። አንዱ ብረት ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተመልሶ ቀጥ አለ። ከኋላ አንዱ «ነጎድጓዱ ዘንድሮ አይዘንብም» ሲል ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አልነግርዎትም።

እርስዎ ግን እንደ ሊቀ መንበር ሆነው ብረቶቹ ብልሽት እንዳለባቸው በየኑ፤ እንደ ዳኛም ለራስዎ ድጋሚ ተኩስ ፈቀዱ። ብረቱ ሲበላሽ እንጂ ጥይቱ ሲሰንፍ ድጋሚ የሚባል ነገር እንደሌለ የሚያውቅ ሁሉ እግሩን ተመለከተ። ከዚያም ወደ መሣሪያ ጋሪዬ መጡና፣ «እትዬ ቨርና፣ የእርስዎ ጥይት ከባድ ነው አይደል? በኋላ እመልሳለሁ» እያሉ፣ የእኔን አዎን ሳይጠብቁ አንስተው ሄዱ። እኛ ዘንድ ጥይት ለጎደለበት አይከለከልም፤ እኔም አልከለከልኩም። ተኮሱ፤ ብረቶቹም አንድ ሳይቀሩ ወደቁ። የአሸናፊውን የብር ዘለበት ቀበቶዎ ላይ አስረው፣ ጢምዎን በእጅዎ ጀርባ እየጠረጉ፣ ፎቶ ተነሡ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተኩስ አይቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ትምህርትዎ፣ ስለ ሕግ አክባሪነትዎና ትከሻዬን ስለመታችው ለስላሳ እጅዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማሽንዎ ይፍጠን፣ ባሩድዎ ይቅለል፣ ወንበርዎ ይደላደል።

ጉልበቴ በሚፈቅድልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

ቨርና ሃግስትሮም፣
በሜዳ ስሜ «ሳቂታዋ መበለት»፤ ስሙን ያወጣሁት ኤልዶን አጠገቤ ቆሞ እየሳቀ፣ ቀልድ በነበረበት ዘመን ነው።

ማሳሰቢያ፦ ስለ ቅዳሜው ጥይት ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገር አለ። የእኔ ጥይቶች ጋሪው ላይ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። እርስዎ ያነሱት ግን ከእጀታው ላይ ከተንጠለጠለው፣ ከኤልዶን ቀበቶ ነው። ኮሚቴው ከከለከለኝ በኋላ እነዚያን ጥይቶች ቤት ብቻቸውን መተው ስላልሆነልኝ በሄድኩበት ይዣቸው እዞር ነበር። እጅዎን ሲሰዱ ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር። እርስዎ ግን ሄደው ከእስር ቤቱ ፊት፣ ልክ እሱ ባለው ቦታ ላይ ቆሙ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጭሱ እንደተመኘው ብዙ ነበር። ነፋሱ ወደ እርስዎ ነበርና፣ ከጢምዎ ላይ የጠረጉት ጥላሸት ብቻ አይደለም። ባዕድ ነገርም አይደለም፤ ስድስተኛዋን ጥይት ያስወጣዎት ሰው ነው። እመልሳለሁ ያሉትን ጥይት ትቼልዎታለሁ። ብቻ በሚቀጥለው ወር እዚያ ቦታ ሲቆሙ፣ ኮፍያዎን ያውልቁ።