ያለ አፍንጫ ቅቤ መግዛት

ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ዝናብ። ቅቤው ከአውቶቡስ ተራ በሸክም ሱቄ ገባ፤ የተጠቀለለበት ኮባ እንደ ረጠበ ነው። እንደ ልማዴ ከየጥቅልሉ ቆንጥሬ በእጄ ጀርባ ቀባሁ፤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ማሽተት ግን አልተመለሰም። ደብተሬ፣ የነገርኩህ ላንተ ብቻ ነው። ቅቤ አምጪው ጋሼ ሽኩር ከሰሙ የከረመውን ሁሉ በለጋ ዋጋ ይጭኑብኛል። ያሸተትኩ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐምሌ 10
የወሎዋ ደንበኛዬ ወ/ሮ ዘሐራ የገዛችውን መልሳ አመጣች። ለጋ ብዬ የሸጥኩላት የከረመ ኖሯል። ተራው ሁሉ እየሰማ፣ «እቴ፣ አፍንጫሽን አከራየሽው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ቅያሪውን ራሷ እያሸተተች እንድትመርጥ ተውኳት። ይህ ሁለት ሦስቴ ከተደገመ ሱቁን መዝጋት ነው።

ሐምሌ 12
ሐኪም ዘንድ። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ። ምሳ ሽሮ በላሁ፤ እርጥብ ወረቀት ይመስላል። ትንሽ አለቀስኩ። ይበቃል።

ሐምሌ 15
ቅቤ ገባ። ዛሬ ሌላ ዘዴ። ጥቅልሉን ወደ አፍንጫዬ፣ ዓይኔን ወደ ጋሼ ሽኩር። አራቱን ሳሸት ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። አምስተኛው ላይ መፋቂያው አፋቸው ውስጥ ቆመ። «ይኼስ?» አልኩ። መንገድ ላይ ሙቀት ነክቶት ነው አሉ፤ በዚህ ዝናብ! ሳልጠይቃቸው ዋጋ ቀነሱ። ዘጠኝ ዓመት ስንገበያይ ፊታቸውን እንዲህ አይቼው አላውቅም። ሳሸት ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ሐምሌ 19
አምስተኛውን ጥቅልል ለብቻ አስቀምጬው ነበር። ወ/ሮ ዘሐራ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ጎረቤትየዋ አሸተተችና ሁሉንም ልውሰድ አለች። ለወጥ የሚሆነው እንዲህ የከረመው፣ በሳሉ ነው፤ ለጋማ ለፀጉር ነው አለች። እኔ በአፍንጫዬ ኮርቼ በሳል ሲመጣ ስመልስ ኖሬያለሁ። ስንት ገበያ አመለጠኝ!

ሐምሌ 22
ጋሼ ሽኩር ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሸትሻል?» «የእርስዎ ተንኮል ገና ከወልቂጤ ሲነሣ ይሸተኛል» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። ጠርጥረዋል። ቶሎ ማሰብ አለብኝ።

ሐምሌ 23
ቆረጥኩ። በሳሉን በስሙ እገዛለሁ፤ ዋጋውንም ከለጋው ብዙ አላሳንስም፤ ፈላጊ አግኝቷል።

ሐምሌ 29
በሳሉን በስሙ እንደምገዛ ለጋሼ ሽኩር ነገርኳቸው። ሸክሙን አስፈቱ፤ ሳልጠይቃቸው ለጋውን በአንድ ወገን፣ በሳሉን በሌላ ወገን ራሳቸው ደረደሩልኝ። የሚደብቁት ከሌለ እኔም የማሸተው የለም። አፍንጫዬ አንድ ቀን ቢመለስ፣ እሱንም ለማንም አልናገርም።