ጫጩቷ ዝም ያለች ቀን

ጥቅምት 4
የጋዜጣ አምዴ ነገ መድረስ አለበት፤ እኔ እቴ፣ አንድ መስመር የለኝም። ወሬ ፍለጋ ወንድሜ ወደሚበርበት ክለብ ሄድኩ። እሱን መብረር ያስተማሩት ጋሼ ትንሿ አውሮፕላናቸው ውስጥ የሳሙና መያዣ የምታህል ሳጥን ለጥፈዋል። ሌላ አውሮፕላን ሲጠጋ ትጮሃለች፤ ጪው ጪው! ወንድሜም አለችው።

"የትልልቆቹ አውሮፕላኖች ዓይነት ለኛ አይቀመስም ልጄ፤ ይቺ ርካሽ ናት። ግን ሁለቱም አውሮፕላን ላይ ካልበራች ደንቆሮ ናት" አሉኝ።

በግማሽ ጆሮዬ ነው የሰማኋቸው... ርዕሱ መጥቶልኝ ነበር።

ጥቅምት 12
ወጣ! "ካፒቴኑ ጫጩት አሳፍረው ይበራሉ።" አዘጋጁ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም።

ጥቅምት 20
ወንድሜ ደወለ። የክለቡ ልጆች ጋሼን "ጥሬ በተኑላት?" እያሉ አላስቀምጥ ብለዋቸዋል።

"ቀልድ አይችሉም እንዴ?"

"ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት።"

ደውዬ ይቅርታ ልበላቸው? ነገ።

ጥቅምት 23
አልደወልኩም።

ኅዳር 3
የክለቡ ሜዳ አጠገብ ጋሼና ወንድሜ አየር ላይ ክንፍ ለክንፍ ተጋጩ። ወንድሜ እንደምንም አረፈ፤ ጫፉ አልተነካም። ጋሼ ማሳ ውስጥ ወደቁ። ወገባቸው...

"የኔ ሳጥን በርታ ነበር" ይላል ወንድሜ ደጋግሞ። "ዝም ስትል ሰማዩ ባዶ መሰለኝ።"

ቀና ብሎ አያየኝም።

ኅዳር 9
ሆስፒታል። ጋሼ የተኙበት ክፍል ገባሁ። ሚስታቸው ተነስተው ወንበር ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ በኔ ነው።"

"የነቀልኳት እኔ። በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ሳቅ አሳፈረኝ።" ቀጥለውም፣ "ጽሑፍሽ ግን ያስቅ ነበር" አሉ።

ይቺ ናት የገደለችኝ።

ታኅሣሥ 15
ክለቡ ውስጥ አሁን ሁሉም ሳጥኗን አስገጥመዋል። ስለዚሁ የጻፍኩትን አዘጋጁ "አያስቅም" ብሎ ጥግ ላይ ወተፈው። ይወትፈው።

ጋሼ ቤታቸው ገብተዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር። ሳጥኗን ከመሳቢያው አስወጥተው፣ አብርተው መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋታል። ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ጮኸች። ሚስታቸው ሬዲዮኑን ቀነሱ።

"ወንድምሽ ነው" አሉ ጋሼ፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አቅንተው።

ጪው ጪው... እስኪርቅ ሰማነው። ወንድሜ ነግሮኛል፤ እዚህ ሰፈር ሲደርስ የሱም ትጮሃለች። ጋሼ ሰማይ ላይ ያሉ ይመስላታል።