ማዞሪያ ያለው ምድጃ

ጥር 4

ፎጣ ተቃጠለ። ፎጣ ብቻ። ቤቱ አለ፣ እኔም አለሁ። ምድጃው አጠገብ ማስቀመጤን ረሳሁ... አልረሳሁም፣ አላየሁትም። ነጭ ፎጣ፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ። ማን ያየዋል? ውኃ ደፋሁበት፣ አለቀ። ጎረቤቴ ግን ጭሱን አይታ ለጋሼ ደውላለች። ታላቅ ወንድሜ ስልክ ላይ ሲጮህ ከተማው በሙሉ የነደደ ያስመስለዋል።

"እታለም፣ አሁንስ ይብቃሽ። እኔ ጋ ያለውን የኋላውን ክፍል አስቀብቼልሻለሁ። ሠራተኛ አለች፣ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።"

አስቀብቶልኛል! ማን ጠየቀው? በጭሱ የጠቆረ ድስት ስፈገፍግ ዋልኩ።

ጥር 5

አልሄድም።

ጥር 9

ሐኪሟ እንዳለችው ዓይኔ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። በቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት። መሀል ላይ ያለው ይታየኛል፣ ደብዘዝ ብሎ። የሄደው አይመለስም ብላለች። እሺ፣ አይመለስ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር፣ አንዱ መንገድ እምቢ ካለ በሌላ ሞክሩ ስል ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን የኋላ ክፍል ልግባ?

ደግሞ ጥፋቱ የዓይኔ ብቻ አይደለም። ኩሽናውም አለበት። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ። ፀሐይ ስትገባ ግድግዳና ጠረጴዛው አንድ ይሆንብኛል። የምድጃው ማዞሪያ ላልቶ ይብራ ይጥፋ አይለይም። አፍርሼ አሠራዋለሁ። ለእጄ የሚሆን ኩሽና። ፍሪጁ ብቻ ይቆይ፤ እንተዋወቃለን።

ጥር 15

ምድጃ መረጣ ከጋሼ ጋር ሄድን። "ለማየት ያህል" ብሎ ነው የመጣው። ሱቁ ውስጥ ምድጃው ሁሉ ጥቁር መስታወት። እጄን ሳሳልፍበት ልስልስ ያለ ነው፤ ቁልፍ የለ፣ ማዞሪያ የለ።

"ሲነኩት ነው የሚሠራው" አለ ሻጩ።

"የቱ ጋ?"

"መብራቷ የምትታየው ላይ።"

አይ ጣጣ! ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ "እሳቸው ምን ዓይነት ቀለም ይወዳሉ?" አለው። እሳቸው! አጠገቡ ቆሜ!

"እሳቸው እዚህ ናቸው። አፍም አላቸው" አልኩት።

ደነገጠ። "ይቅርታ ማዘር... ምን ልታዘዝ?"

"ማዞሪያ ያለው አሳየኝ።"

አንድ ብቻ ነበር፣ ሱቁ ጥግ፣ አቧራ የጠጣ። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። በየደረጃው ይቆማል፣ ጣቴ ቁጥሩን ያውቀዋል። ይሄ ነው አልኩ።

"ፋሽኑ አልፎበታል" አለ ጋሼ።

"እኔስ?"

ሳቅ አለ። አዘዝኩ።

ጥር 22

አናጢው መጣ። ቀልድ ያውቃል፣ ሥራም ያውቃል። አይሰማም እንጂ። የኩሽናውን ጠረጴዛ ቀለም ናሙናዎች መስኮቱ ሥር ደረደርኩና ሽንኩርት፣ እንቁላልና ማንኪያ በየተራ አስቀመጥኩባቸው። ነጩ እንቁላሌን ዋጠው። ግራጫው ማንኪያዬን። እብነ በረድ መሳዩ ዝንጉርጉር ደግሞ ሁሉንም ዋጠ፣ ሌባ ነው። ያሸነፈው ቢጫው ነው፤ የማያብለጨልጭ፣ እንደ ብስል ሎሚ ያለ። ጠርዙ ጥቁር ይሁን፣ ከፍ ያለ፣ ዕቃ ተንከባልሎ እንዳይወድቅ። የታችኛው ካቢኔት ጥቁር ሰማያዊ። የመሳቢያ እጀታ አግድም፣ የበር እጀታ ወደ ላይ የቆመ፣ ስይዘው የቱ እንደሆነ እንዳውቅ።

"እትዬ፣ መዋዕለ ሕፃናት ሊያስመስሉት ነው እኮ!"

"ይምሰላ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው መጥቶ ሽንኩርት ይከትፍልኛል?"

የላይኛው መደርደሪያ በር እንዳይኖረው አጥብቄ ነገርኩት። ክፍት የቀረ በር እኔ አላየውም፣ እሱ ግን ግንባሬን አይስትም። "እሺ፣ እሺ" አለ። ሁለት ጊዜ እሺ የሚል ሰው አላምንም።

የካቲት 3

ምድጃው መጣ። ካርቶኑን ቀድጄ እጄን ስሰድ... ልስልስ። መስታወት! ተሳስታችኋል ስላቸው ያመጡት ልጆች "ትእዛዙ ተቀይሯል፣ ወንድምዎ ደውለው ነው" አሉኝ።

ደወልኩለት።

"ላንቺው ብዬ ነው እታለም። በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ደግሞ ለተከራይም ያምራል።"

"የምን ተከራይ?"

አመለጠው! ለካ ቤቴን በሆዱ አከራይቶ ጨርሷል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። እኔ ቀለም ስመርጥ እሱ ሰው ያስገባል።

ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። "መልሳችሁ ጫኑት!" አልኳቸው።

"እሺ እናቴ... ግን እኮ እርስዎ ካልተነሡልን እንዴት አድርገን?"

በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ሳቄ መጣ። ተነሣሁላቸው።

የካቲት 4

ጋሼ ራሱ መጣ። ተቆጥቷል።

"እልህሽ ነው የሚገልሽ! እናታችንን ረሳሻት? ዓይኗ ሲጠፋ ምን እንደሆነች አላየሽም?"

አየሁ እንጂ። ወንበር አምጥተን በር ሥር አስቀመጥናት። ቢላ ቀማናት፣ ድስት ቀማናት። "አንቺ አረፍ በይ" እያልን፣ በፍቅር። ቤት የሞላች ሴትዮ ማን ገባ ማን ወጣ ስትል፣ የእግር ኮቴ ስትለይ ኖራ ሞተች። እጇ ጤነኛ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን።

"እማን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጣት ዓይኗ አይደለም ጋሼ። እኛ ነን።"

ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው... ወርውሮ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር። ሲሄድ አለቀስኩ። አበዛሁት እንዴ? ምናልባት። ግን ውሸት አልተናገርኩም።

የካቲት 11

ባለ ማዞሪያው መጣ! ጋሼ አልደወለም። ቀጭ ቀጭ ሳደርግ ዋልኩ፣ አሻንጉሊት እንዳገኘ ልጅ።

የካቲት 19

አናጢው ጨርሻለሁ ብሎ ጠዋት ሄደ። ስኳር ላወጣ እጄን ሰደድኩ... የላይኛው መደርደሪያ በር አለው። ከፍቼ አወጣሁ፣ ዞር ብዬ ስመለስ ጓ! ግንባሬ። ኮከብ አየሁ። ሰሞኑን አጥርቼ ያየሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አልጠራሁትም። ብሎን መፍቻ ፈለግሁ። ማጠፊያው በጣት ይገኛል፣ ብሎኑም ይገኛል፣ ምን ችግር አለው? በሮቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ላይ ደገፍኳቸው። ከሰዓት መሣሪያ ረስቶ ሲመለስ ክው ብሎ ቀረ።

"ምነው እትዬ፣ ያለ በር አያምርም ብዬ እኮ ነው... ቢጠሩኝስ?"

"ነግሬህ ነበር፣ እሺ እሺ ያልክ ዕለት።"

ያበጠውን ግንባሬን አየ። የብሎኑን ቀዳዳ ሁሉ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በሮቹን ተሸክሞ ሄደ።

መጋቢት 2

ሐኪሟ ጋ ነበርኩ። ግራው አልቋል አለች። ቀኙም ብዙ አይቆይም።

ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ጋሼ ልክ ቢሆንስ?

ቤት ገብቼ ድንች ቀቀልኩ። በላሁ። ጋሼ ልክ አይደለም።

መጋቢት 7

በወፍራም እስክሪብቶ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ላይ አራት መስመር። ደብተር ሻጩ ሀብታም ይሆናል።

መጋቢት 16

ሾርባ እየሠራሁ ነበር። ካሮቱን ከትፌ፣ ሽንኩርቱን ጠብሼ፣ ምስሩን ጨምሬ። ሲፈላ በድምፁ አውቄ ቀነስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እያንጎራጎርኩ። የውጪው በር ተንኳኳ፣ ግቡ አልኩ። ኮቴውን አወቅሁት። ጋሼ! ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያው። ኩሽናው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እታለም! ጨለማ ውስጥ ነው እንዴ የምትሠሪው?"

ለካ መሽቷል። ለካ መብራቱን አላበራሁም። ከመቼ ጀምሮ? አላወቅሁም... ያ ሁሉ ሲከተፍ፣ ሲጠበስ፣ ሲማሰል፣ ብርሃን እንደሌለ አላወቅሁም። እዚህ ደርሻለሁ ማለት ነው አልኩ በልቤ። እሱም ገብቶታል። አተነፋፈሱ ተለወጠ።

"እታለም... እባክሽ..." ብሎ ጀመረ። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። ቀደምኩት።

"ለራስህ አብራና ሳህን አውርድ።"

ከዚያ ማብሪያውን ሲጫን ሰማሁ። ሳህን ሲያወርድ ሰማሁ። ሁለት ሳህን።

አንድ ጊዜ ቀመሰና "ጨው አንሶታል" አለ።

አላነሰውም።