የአንተ ሊኑክስና የአባባ ዱዓ

ይድረስ ለወንድሜ ለኑዕማን አብዱረሂም፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሻርጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ተሻለህ? ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ታላቅ እህትህ ስለሆንኩና ሰላምታ የአላህ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተ አንጀቴ አርሯል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም በቀወት ያለው ማሽላችን በቅሏል።

የጎረቤታችን ልጅ ሩዋይዳ እዚያው ሻርጃ ወዳለው ሥራዋ ስትመለስ ይህን ወረቀት አስይዤ ብልክ አይግረምህ። በስልክ ነገሩን ባነሳሁብህ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል ትልና ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። እንዳልተይበውም አንተ የጫንክልኝ ነገር ከፕሪንተሬ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማም። የሠርግ ካርድ ለማሳተም የመጣ ሁሉ ፊቴ ላይ እየሳቀ ወደ ማዶው ኮፒ ቤት ይሻገራል።

ለዐረፋ መጥተህ የበዓሉ ሥጋ እንኳ ሳያልቅ የጽሕፈት ሱቄ ገባህና ኮምፒውተሬን እንደ ሐኪም መረመርከው። ዊንዶውሱ የተሰረቀ ቅጂ ነው አልከኝ። በዚህ ከተማ ያልተሰረቀ ማን አለው? ይህ ሊኑክስ የሚሉት ግን ነፃ ነው፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሐላል ነው አልከኝ። በነገሩ ስላመነታሁ የአባባን የተቀዳ ዱዓ በተሰረቀ ነገር እማዬን ታሰሚያታለሽ ወይ ብለህ አፌን አስያዝከኝ። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ?

እዚህ አገር ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ሲ የሚባለው ክፍል ይታጠባል፣ ዲ የሚባለው አይነካም። ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። ፋይልሽን አስቀምጠሻል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ አዎ፣ ሁሉንም ዲ ላይ አድርጌዋለሁ አልኩህ። ጥሩ አልከኝ። ዓይንህን ከስልክህ ላይ ሳታነሳ፣ ለእጮኛህ መልእክት እየጻፍክ ነበር ጥሩ ያልከኝ። ያ ሊኑክስህ ግን ሲ የለው፣ ዲ የለው፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ ተቀመጠበት። አሁን ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነበረብሽ ትለኛለህ። ዲ ላይ ነው ስልህ በደንብ ብትሰማኝ ኖሮ እኮ ያኔውኑ ትነግረኝ ነበር። ሙያው የአንተ ነው።

የጠፋው የሰው ማመልከቻና የመምህራን ፈተና ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ እተወው ነበር። አባባ ከመሞቱ በፊት በስልኬ የቀዳሁት ዱዓ ጠፋ። ያ ስልክ መስኖው ውስጥ ወድቆ እንደቀረ አንተም ታውቃለህ፤ ድምፁ የቀረው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። እማዬ በየሐሙሱ ዐስር ሰግዳ ሱቄ ትመጣና፣ ድምፁን ስከፍትላት ዱካዋን ስባ፣ እጇን ዘርግታ፣ እሱ ዱዓ ባደረገ ቁጥር አሚን ትል ነበር። አባባ ከልጆቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው አንተን ነበር፤ ባሕር የተሻገረውን ልጄን በሰላም መልስልኝ እያለ። አላህ ሰማው፣ መጣህ፣ አጠፋኸው።

ዲስኩን ይዤ ደብረ ሲና ሄኖክ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ወጥቼ ነበር። ሲለፋ ውሎ ያወጣልኝ የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ካርድና ግማሹ የተቆረጠ ፎቶ ነው። ላዩ ላይ ስለተጻፈበት የድምፁ ነገር አበቃ አለኝ። ይባስ ብሎ የጫንክልኝን ነገር ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተሩን አፍጥኖልሻል ብሎ አመሰገነልኝ። አዎ ፈጥኗል፤ የሚሸከመው የለውማ። በጉም ውስጥ ቁልቁለቱን ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

እማዬ እስካሁን አታውቅም። ኮምፒውተሩ ጥገና ላይ ነው እያልኩ ዋሽቻታለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዱካዋን ስባ ትቀመጥና፣ ዛሬም አልዳነም ወይ ትለኛለች። ከእንግዲህ አልዋሻትም፤ የምነግራትም እኔ አይደለሁም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰህ ሳምንት፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ትደውላለህ። ስልኩን እሷ እጅ ላይ አድርጌ እወጣለሁ። ያደረግከውን ሳታድበሰብስ ትነግራታለህ።

ባለቤቴ ሱሌይማን ሰላም ብሎሃል፤ እንደ እኔ አልተቆጣህም፣ እሱ ማንንም አይቆጣም። ልጄ ኑርሃን ያመጣህላት ጫማ ልኳ ሆኗል፣ ትስምሃለች። አጎታችን ኸድር ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ በስልክ ስትናገር ድምፅህ ቁርጥ የአባትህን ነው ሲሉም ደነገጥኩ፤ እውነታቸውን ነው። እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ብላሃለች። እንግዲያው ሐሙስ ነግረሃት ስትጨርስ ስልኩን እንዳትዘጋ። የአባባን ዱዓ በዚያ ድምፅህ አድርግላት። ቃሉን ረስቼዋለሁ እንዳትለኝ፤ የጎደለውን እሷ ትሞላልሃለች።

እህትህ ሐያት አብዱረሂም
ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.