በእማዬ ጓዳ በኩል የጎበጠው መስመር

ይድረስ ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? የባለቤትህ የእትዬ ሳል ለቀቃት ወይ? እማዬ አሁንም ኪኒኗን ትራስ ስር ትደብቃለች? እኔ ጣቴ ላይ ከሚደርቀው ሙጫ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ተመስገን ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ግን ሐሳብ ገብቶኛል። መንደራችን ከየትኛው አገር ጋር እንደሚሆን ነዋሪው ራሱ ድምፅ ሊሰጥ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። እማዬን ግን መዝጋቢዎቹ፣ የተወለዱበት ጓዳ ከመስመሩ ማዶ ነው ብለው መለሷት አልክ። የማዶዎቹ ደግሞ፣ የሚተኙበት ክፍል በእኛ በኩል አይደለም አሏት። እንግዲህ ሰባ ዓመት ሙሉ ከመኝታዋ ተነስታ ጓዳ በገባች ቁጥር ድንበር ስትሻገር ኖራለች ማለት ነው! ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

እንደምታውቀው ሥራዬ ያረጀ ካርታ መጠገን ነው። አገራችንን ለሁለት የከፈሉት ሰዎች ወረቀታቸውን ያከማቹት እዚሁ እኔ የምሠራበት ቤተ መዛግብት ነው። እስከዛሬ የተቀደደውን ከማጣበቅ በቀር የማንም ድንበር ጉዳዬ አልነበረም። አሁን ግን በሆዴ "እመት ቀስ" የምላትን አለቃዬን ለምኜ የእኛን አካባቢ ካርታ አስወጣሁ።

መዝጋቢዎቹ የያዙት የታተመውን ነው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሕትመቱ በፊት በእርሳስ የተሠራው ግን እኛ ቤት ጋ ሲደርስ ይጎብጥና ጓዳውን በጀርባ ዞሮ ይመለሳል፤ ቤቱ ከነጓዳው በእኛ በኩል ይቀራል። ገረመኝ። ወንዙንና መቃብሩን ሳይቀር ሰንጥቆ ያለፈ ሰው ለእኛ ጓዳ ምን ብሎ ዞረለት?

ሦስት ቀን ምሳዬን ትቼ ፈልጌ የቀያሹን ማስታወሻ አገኘሁት። የመለኪያ ሰንሰለቱን በቤቱ መሃል ሊያሳልፉ ሲሉ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ በወላድ ላይ ሰንሰለት አይጎተትም አለ ይላል። ቀያሹም ፀሐዩ ስለከረረበት መሟገቱ ሰልችቶት በጓዳው ጀርባ ዞረ። አያታችን! እኚያ ዝምተኛ ሽማግሌ! እማዬ "መሬት የተለካ ለት ተወለድኩ" ስትል ዕድሜ የምትቀንስ ይመስለን አልነበር? ኋላ ያተመው ሰው ጉብጠቱን የእጅ ስህተት ነው ብሎ አቃናው መሰለኝ። ምነው አያታችን መስመሩ ማዶ ላስቀረብን የውኃ ጉድጓድም አብረው በተሟገቱ!

የካርታውና የማስታወሻው ግልባጭ ማኅተም ተመትቶበት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። እመት ቀስ እንደ ስሟ ሁለት ሳምንት ብታጉላላኝም ፈርማበታለች። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ስለሚዘጋ ነገ ዛሬ ሳትል ለመዝጋቢዎቹ አሳያቸው።

አንድ አደራ ግን አለኝ። አንተ ወዴት እንደምታዘነብል አውቃለሁ፤ አክስታችን ማዶ ሆና የምትለውንም አውቃለሁ። እማዬ የምትለውን ግን አላውቅም። ጠይቀናት እናውቃለን እንዴ? የምትመርጠውን ለማወቅ እንዴት እንደጓጓሁ ብታይ ትስቅብኛለህ። ቢሆንም እኔም አልጠይቃትም፤ ከፈለገች ራሷ ትንገረኝ።

እትዬን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን ትምህርቷን እንድትበረታ፣ መንታዎቹን እንዳይደባደቡ ንገርልኝ። አክስታችንንም በአጥሩ ላይ ሰላም በልልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ድምፅ ልትሰጥ ስትሄድ እስከ በሩ ደግፋት፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ትግባ።

እህትህ

ከካርታ መጠገኛው ክፍል
ኅዳር ፬ ቀን