ስልኩን ማን ያነሳል?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ቀፂ እህቴ፣ ዛሬ የሂሳብ ፈተና ነበረን። አሥራ አራት ከሃያ። አራተኛውን ጥያቄ ባልቸኩል ኖሮ… አውቃለሁ፣ «ይሄን ችኮላ ከማን ወረስከው?» ትይኛለሽ።

ስመለስ ታች ካለው ዳቦ ቤት ሦስት መናኢሽ፣ ያንን የዓረብ ቂጣ፣ ገዛሁ። ያንቺ ላይ የዛዕተር ቅመሙን አብዛልኝ አልኩት። ደረጃውን ወጥቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ነው ትዝ ያለኝ… ጓደኛሽ ሽታዬ ከሥራ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ሦስቱን አየቻቸው።

ረቡዕ ዶራ ሰፈር መንገድ ስትሻገሪ ሞተር ገጨሽ። ከሞትሽ ሁለት ቀንሽ። ይኸው ጻፍኩት። አሁንም አላመንኩም።

ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም።

ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽው ወረቀት እንዳለ ነው። «የትኛው ቢሮ?» ይላል። የነበርሽበት የጉዞ ቢሮ ከተዘጋ ጀምሮ ያለሱ ወሬ የለሽም ነበር። ደንበኞቹ የራስሽ ናቸው፣ ፈቃዱ ግን የለሽም። ፈቃድ ያለው ቢሮ ካልተጠጋሽ ትኬት መቁረጥ አይቻልም። በግራ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ያለው የመስታወቱ ቢሮ፣ በቀኝ የዶራው ሚስተር ጋርቢስ። ከኮሚሽኑ ያንቺ ድርሻ፦ ከመቶ እዚያ ሰባ፣ እዚህ ሃምሳ። መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አስምረሽበት፦ «ችግር ሲመጣ ስልኩን ማን ያነሳል?» መልሱ በሁለቱም በኩል ባዶ።

ማክሰኞ ሽታዬ ስትስቅብሽ ነበር። «ሰባ ትተሽ ሃምሳ? ያኒ ለሽማግሌው ጽድቅ ነው? ደግሞ አራት ፎቅ ደረጃ! ትርፉን ለጉልበትሽ ሐኪም ትከፍይዋለሽ።»

«ሰኞ እወስናለሁ» አልሽ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እማማ ከደብረ ብርሃን ስትደውል የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄን አምጡልኝ።»

ቆንስላው ወረቀቱን ይሰጣል አሉ። አውሮፕላን ላይ ለሳጥኑ ቦታ የሚይዝ ቢሮ ግን ራሳችን መፈለግ አለብን። ሳጥን… ስላንቺ እኮ ነው የምጽፈው።

ወደ መስታወቱ ቢሮ ደወልኩ። ሰባ ስለሚሰጥ እሱን የምትመርጪ መስሎኝ ነበር። አንዲት ልጅ አነሳች። ቦንጁር አለች። ስምሽን ፊደል በፊደል ነገርኳት። ፈለገች።

«ውል አልፈረመችም። የኛ አይደለችም፣ ሐቢቢ። ሰኞ ኢሜይል ላክ። ሜርሲ።»

ዘጋችው። ሜርሲ ለምኑ?

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጋርቢስ ቢሮው እሑድ ዝግ ነው። ዝም ብዬ ደወልኩ። ሁለቴ እንኳ አልጠራም።

«ማነው?»

የቀፀላ ወንድም ነኝ አልኩት። ከዚያ በላይ ማለት አቃተኝ። በጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ አጠፋው። ሽታዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ነገረችው።

ስትመልስልኝ «አላህ ይርሐማ» ይላል፣ ነፍሷን ይማር እንደማለት፣ ደጋግሞ። ከዚያ፦ «ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ና። ደረጃው ብዙ ነው፣ ቀስ ብለህ ውጣ።»

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ነጭ ፀጉር፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ። ፎርም ሰጠኝ። ስም። የአባት ስም። የትውልድ ቀን፦ 12/5/1990 ብዬ ጻፍኩ።

መነጽሩን አደረገ። «ሠላሳ አምስት ዓመት? ቀፀላ?» ፓስፖርትሽን ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፦

«በናንተ ነው በኛ?»

አንገቴን ደፋሁ። ጥር 12 ብለን ልደትሽን ስናከብር የኖርነው በኛ አቆጣጠር ነው፣ እሱኑ ጻፍኩት። አንቺ ለማንኛዋም ደንበኛ መጀመሪያ የምትጠይቂው እኮ ይሄንን ነው! «በኛ ነው በፈረንጅ?» እየሰማሁት አይደል ያደግኩት?

«ይሄን ጥያቄ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ። «ለሙከራ ሦስት ትኬት አስቆርጣኛለች። ሦስቴም ጠየቀች። ወረቀቱና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ አይጫንም።»

ሰርዞ 20/1/1998 ብሎ ጻፈ። ሃያ ሰባት ዓመት። ስምንት ዓመት ጨምሬልሽ ነበር ቀፂ… በአንድ ጭረት ሰረዘው።

ያኔ አለቀስኩ። ረቡዕም አላለቀስኩም ነበር። ሶፍት ፈልጎ አጣና የትኬት ፖስታ ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ወረቀትሽ ላይ ባዶውን ሞላሁት። በግራ፦ «ማንም»። በቀኝ፦ «ራሱ»። ሰኞ እወስናለሁ ብለሽ አልነበር? ሰኞ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ካንቺ ጋር አልሄድም። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ አንዴ ከወጣሁ መመለስ የለም። ልሂድ ብዬ ነበር፣ ይቅር ትምህርቱ ብዬ።

እማማ «አንዷን እቀብራለሁ፤ ያንተን ትምህርት ግን አብሬ አልቀብርም። ቆይ» አለችኝ።

ሽታዬ እስከ አገር ቤት ትሸኝሻለች። ከዚህ መውጫ ወረቀቷ ተጠናቋል፤ ለገና የያዝሽላትን ትኬት ጋርቢስ ቀኑን አዛወረላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሽታዬ ጫማሽን ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ኤርፖርት መግቢያ ላይ ወረቀት ያያሉ። ስለዚህ ሽታዬን የሸኘሁት እስከ ታች በር ድረስ ብቻ ነው።

«ያላ ወንዴ፣ ብላ እሺ? ከስተህ እንዳላይህ።»

እሺ።

«አይዞህ፣ ብቻዋን አትሄድም። እኔ አለሁ አይደል?»

ታክሲው ሲታጠፍ እጇ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ነቃሁ። ሦስት አልጋ፣ አንድ ሰው። የሁለቱን አንሶላ አጣጠፍኩ። ወርጄ መናኢሽ ገዛሁ። አንድ። ሰውዬው ጣቱን ቀስሮ «አንድ?» አለኝ። አንድ።

የቀፀላን ስልክ በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ሲጠራ ግን አላነሳም ነበር። ዛሬ ገና ዳቦውን ሳልቆርስ ጠራ። ተወው አልኩ። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው አነሳሁ።

«ቀፂዬ! አሲያ ነኝ፣ የአሽራፊዬ ሰፈሯ! ኸላስ፣ አለቀ! ማዳሜ እሺ አለች! አገሬ ልገባ ነው!»

«ቀፀላ የለችም» አልኩ። «ሞታለች። ወንድሟ ነኝ።»

በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

ብዙ አለቀሰች። ጠበቅኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ታዲያ እኔን ማን ይልከኛል?» አለች። ወዲያው ደግሞ አፈረች። «ይቅር በለኝ ወንድሜ… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ግድ የለም። ዶራ ሚስተር ጋርቢስ የሚባል አለ። እኔ እወስድሻለሁ። የተወለድሽበትን ቀን ንገሪኝ።»

ነገረችኝ።

«በኛ ነው በፈረንጅ?»

«ኧረ እኔ አላውቅም። እሱን የምታውቀው ቀፂ ነበረች።»

«ቆይ፣ እንዳትዘጊው» አልኳት። የቀፂን እስክሪብቶ ፈለግኩ።