አንቀልባውን ስጦታ ነው እንዳትዪ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰላማዊት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን በስልክ ከተነጋገርንበት ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት ጊዜ ሽሮ አሳረርኩ፤ አባትሽ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ ጭራሽ ተቆጣሁት።

እንግሊዝ አገር የምትሠሪበት ሙዚየም ነገር ነው። እንግሊዞች በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ ይዘውት የሄዱትን አንቀልባ «የሐበሻ ቤትና ኑሮ» ብላችሁ ልታሳዩ ነው። መግለጫው «ከአገሬው ሰው በስጦታ የተገኘ» ይላል፤ ትክክል ነው ብለሽ እስከ ዓርብ እንድትፈርሚ አለቃሽ አዛሻለች። እኔም «ፈርሚ! ኮንትራትሽ ሊታደስ አንድ ወር ሲቀረው ለቁራጭ ቆዳ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» አልኩሽ። «ደህና ሁኚ እማዬ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ያ «ደህና ሁኚ» ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የላክሽውን የአንቀልባውን ፎቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ባዩ በትልቁ አትሞ ሰጠኝ። ይዤው ጉና፣ አክስትሽ ፈንታነሽ ዘንድ ወጣሁ። እሷ ስምንት ልጅ በአንቀልባ አዝላ ያሳደገች ናት፤ እኔ መምህርቷ አንቺን በነጠላ ነው ያዘልኩሽ።

ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ማን ነው ሰጠሁ ያለ?»

«ተሰጠን ያሉት ፈረንጆቹ ናቸው።»

«ውሸት! ለእንግዳ የሚሰጥ አዲሱ ነው። ይኸውልሽ፣ የሕፃኑ ራስ የሚያርፍበት ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ጠፍሩም አልቋል። ልጅ እየታዘለበት የነበረ ነው እንጂ።» ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ከእናትዮዋ ጀርባ ሲያወርዱት ልጁን ማን ተቀበለው?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት የቤት አያያዝ ሳስተምር ኖሬ ይህን አለማየቴ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ። አትፈርሚ። ባዩ ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚበር ይህን ደብዳቤ በእጁ ልኬዋለሁ። አክስትሽ ያለችውንም በሌላ ወረቀት ጽፌ የአውራ ጣቷን አሻራ አስፍሬበታለሁ፤ ምስክር አምጪ ካሉሽ ይኸው ምስክር። «ስጦታ» የሚለውን ይፋቁት። የልጁንም ነገር መዝገባቸው ውስጥ ይፈልጉ፤ ካጡ «አናውቅም» ብለው ይጻፉ። እሱ ምን ነውር አለው?

እንደ እናት «አይዞሽ፣ ምንም አይሉሽም» ማለት ነበረብኝ። ሊሉሽ ይችላሉ፤ አልዋሽሽም። ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፈርሚ ያልኩሽ ቀን ፈርቼልሽ ነበር። ዛሬ አትፈርሚ ስልሽ ግን ልቤ ንጹሕ አይደለም፤ ቢያባርሩሽ ትመጫለሽ የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ካየሁሽ ሰባት ዓመት ሆነኮ። ይህን መስመር ልሰርዘው አስቤ ተውኩት።

ስትወስኚ የእኔን ናፍቆት አትቁጠሪው። የዚያን ሕፃን ነገር ብቻ አስቢ።

እመቤቴ ማርያም ከፊትም ከኋላም ትሁንልሽ፤ አንደበትሽን ታቅናልሽ።

እናትሽ ጥሩወርቅ